«ሁሉም አንድ ነው» የሚባለው የታሸገ ውሃ ውስጡ ምን አለ?

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቄራ ሰው ይበዛበታል። ሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ተረኛው ይጋፋል፤ የሽንኩርትና የቲማቲም ሻጮች ድምፅ ከታክሲ ረዳቶች ጩኸት ጋር ይደባለቃል። ከመንገዱ ዳር ባለች አንዲት ሱቅ በር ላይ የታሸገ ውሃ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል። የአምስት ኩባንያ ስም ቆጥረናል። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ባለሱቁን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ከነዚህ የትኛው ነው ጥሩው?»

«እትዬ፣ ሁሉም አንድ ነው። ውሃ ውሃ ነው።»

«የልጅ ልጄ ሦስት ወሯ ነው። እናቷ ታማብን የዱቄት ወተት ልበጠብጥላት ነው።»

«ለእሷማ ከሆነ ይኼኛውን ይውሰዱ። ማዕድን አለው፤ ያጠነክራታል።»

እናት ከፍለው ሄዱ። ባለሱቁ ሊያታልላቸው አልፈለገም። እንዲያውም በቅንነት የተሻለውን የሰጠ መስሎታል። ነገር ግን በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳስቷል። በመጀመሪያ ሁሉም የታሸገ ውሃ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ማዕድን የበዛበት ውሃ ለሕፃን ወተት መበጥበጫ የሚመረጥ ሳይሆን የሚወገድ ነው። ስሕተቱን ለማረም የሚበቃው መረጃ ደግሞ እዚያው በእጁ በያዘው ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ነበር። የዛሬው የገበያ አምዳችን ይህን ጽሑፍ እንዴት እንደምናነብ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነና ገንዘባችን ለምን እንደሚከፈል ያስረዳል።

ከፍልውሃ እስከ ሃይላንድ

ማዕድን ያለበት ውሃ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ተራራ ቁልቁል የሳባቸው በዛሬው ካዛንቺስ አቅራቢያ ከመሬት የሚፈልቀው የፍልውሃ ፍል ውሃ ነበር። ይህ ውሃ ከጥልቅ ምድር ሲወጣ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ያለፈበትን ድንጋይም ይዞ ይመጣል። አበው «ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ» እንዳሉት ነው። ውሃን የሚያስጮኸው ብቻ ሳይሆን ጣዕም የሚሰጠውም ድንጋይ ነው።

በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጥ ውሃ ግን በአገራችን ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ አምቦ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት በምትባለው ከተማ የሚፈልቀው ይህ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት በተፈጥሮው ጋዝ አለው። መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ለረጅም ዓመታት በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛውሯል። ጥሬ ሥጋ በልቶ አምቦ ያላዘዘ የቄራ ደንበኛ ጥቂት ነው።

ጋዝ የሌለው ውሃ ታሽጎ ሊሸጥ ይችላል ቢባል ግን ያን ጊዜ ብዙ ሰው ይስቅ ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሃይላንድ የተባለው ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ገበያ ሲገባ «ደግሞ ለውሃ ገንዘብ!» ያለው ሰው ብዙ ነበር። ሳቁ ግን አልቆየም። ስሙ ከምርቱ አልፎ የዕቃው መጠሪያ ሆነ። ዛሬም ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ የማንም ኩባንያ ይሁን በሰው አፍ «ሃይላንድ» ነው። ዘይት የሚቀዳው፣ ጠላ የሚላከው፣ ላምባ የሚገዛው በሃይላንድ ነው። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ወዲህ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሆለታና በሌሎችም ቦታዎች ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኔስሌ ዋተርስ የተባለው የውጭ ኩባንያ የአቢሲኒያ ስፕሪንግስን አብላጫ ድርሻ እስከ መግዛት ደርሷል። ገበያው ሲሰፋ ግን የገዢው እውቀት አብሮ አልሰፋም። ዛሬም አብዛኛው ሸማች የሚመርጠው በጠርሙሱ ቅርጽ፣ በማስታወቂያው ወይም በዋጋው ነው።

ሦስት ዓይነት ውሃ፣ አንድ ዓይነት ጠርሙስ

ለመሆኑ «የታሸገ ውሃ» ምንድን ነው? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን (ኮዴክስ) ለዚህ ሁለት ደረጃዎች አሉት። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1981 ለተፈጥሮ ማዕድን ውሃ፣ ሁለተኛው በ2001 ለሌሎች የታሸጉ የመጠጥ ውሃዎች የወጣ ነው። በሁለቱ መሠረት ገበያ ላይ ያለውን ውሃ በሦስት ከፍለን ልንመለከተው እንችላለን።

የመጀመሪያው የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ ነው። ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ የማዕድኑ ዓይነትና መጠን ዓመቱን ሙሉ ብዙ የማይለዋወጥ፣ ከምንጩ አጠገብ የሚታሸግ መሆን አለበት። በቦቴ ተጭኖ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚታሸግ ውሃ በዚህ ስም ሊጠራ አይችልም። እንደ ብረት ያሉ የማይፈለጉ ነገሮችን ከማስወገድና ጋዙን ከማስተካከል በቀር ተፈጥሮው እንዲነካ አይፈቀድም። አምቦን የመሰሉት ከዚህ ወገን ናቸው።

ሁለተኛው በመነሻው የሚታወቅ ውሃ ነው። የምንጭ ውሃ እንደሚባለው ማለት ነው። ይህም ከታወቀ ቦታ የሚወጣ ሲሆን ማዕድኑ ግን የግድ የበዛ ወይም የተለየ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው የተጣራ ውሃ ነው። መነሻው የጉድጓድ፣ የወንዝ ወይም የቧንቧ ውሃ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው አጣርቶ፣ አንዳንዴም ማዕድኑን ከሞላ ጎደል አስወጥቶ ከዚያ በልኩ መልሶ ጨምሮ ያሽገዋል። ይህ ነውር አይደለም። በሚገባ የተጣራ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው። ነውሩ የተጣራውን ውሃ የተራራ ሥዕል ለጥፎ ከምንጭ እንደ ተቀዳ ማስመሰል ነው።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ በአንድ መደርደሪያ፣ በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣሉ። ባለሱቁን «ሁሉም አንድ ነው» ያሰኘው ይኸው ነው።

ከጉድጓድ እስከ ክዳን

የተጣራ ውሃ የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የወጣው ውሃ በመጀመሪያ በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። እዚህ ላይ ዝቃጭና ደቃቅ አፈር ይቀራል። ቀጥሎ የከሰል ማጣሪያ አለ። ከሰሉ ሽታን፣ ቀለምንና ክሎሪንን ይይዛል። ከዚያ ውሃው በከፍተኛ ግፊት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። በሙያው ሪቨርስ ኦዝሞሲስ የሚባለው ይህ ነው። ውሃው ሲያልፍ የሟሟው ጨውና ማዕድን አብዛኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ጨው የተጠራቀመበት ከፊሉ ውሃም ስለሚጣል ፋብሪካው ከሚሸጠው የበለጠ ውሃ ከመሬት ያወጣል።

ከሽፋኑ ያለፈው ውሃ ማዕድኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጣዕሙ ባዶ ነው። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨው በልኩ ይጨምሩበታል። በመጨረሻም ጀርም እንዳይኖር በአልትራቫዮሌት ጨረርና በኦዞን ጋዝ ይታከማል። ኦዞን የሦስት ኦክስጅን ጥምረት ነው። ጀርም ገድሎ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ ወደ ተራ ኦክስጅን ይለወጣል። እንደ ክሎሪን ሽታ ትቶ አይሄድም። ጠርሙሱ ተሞልቶ ይከደናል፤ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ይታተምበታል፤ በላስቲክ ታስሮ ይወጣል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። የታሸገ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት እንደ መርፌ መድኃኒት ፍጹም ከጀርም የጸዳ ነው ማለት አይደለም። ጤናን የሚጎዳ ጀርም እንዳይኖርበት ተደርጎ የተዘጋጀ ምግብ ነው። ከተከፈተ በኋላ እንደ ማንኛውም ምግብ ይበላሻል። አፍ ተደርጎ የተጠጣበት ጠርሙስ ለነገ የሚቀመጥ አይደለም።

ወረቀቱን እንዴት እናንብብ?

በጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር አለ። መለኪያው ሚሊ ግራም በሊትር ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የአንድ ግራም ሺሕኛ ክፍል ስንት ጊዜ እንዳለ ይናገራል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የሟሟ ጠጣር በጠቅላላው (ቲዲኤስ)። በውሃው ውስጥ የሟሙት ማዕድናት ድምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ጣዕም በሰጠው ምደባ ከ300 በታች እጅግ ጥሩ፣ ከ300 እስከ 600 ጥሩ፣ ከ600 እስከ 900 መጠነኛ፣ ከ900 እስከ 1,200 ደካማ ሲባል ከዚያ በላይ ያለው ለተራ መጠጥ የማይወደድ ነው። ይህ የጣዕም እንጂ የጤና ምደባ እንዳልሆነ ይታወቅ። የማዕድን ውሃ ወዳጆች የሚሹት ደግሞ ይህንኑ ከፍ ያለውን ቁጥር ነው።

ካልሲየምና ማግኒዚየም። ለአጥንትና ለጡንቻ የሚያስፈልጉ ናቸው። ይሁንና በማስታወቂያ እንደሚወራው ብዙ መጠበቅ አይገባም። አንድ ጎልማሳ በቀን ወደ 1,000 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ውሃው በሊትር 20 ሚሊ ግራም ካለው በቀን ሁለት ሊትር የጠጣ ሰው ያገኘው 40 ሚሊ ግራም ነው። ከሚያስፈልገው መቶ እጅ አራቱን ብቻ ማለት ነው። አንድ መቶ ግራም የጤፍ እህል ግን ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው። ከዚህ ውሃ ዘጠኝ ሊትር የሚገኘውን ያህል ነው። ካልሲየም የፈለገ ሰው ከሱቅ በፊት ወደ እንጀራ መሶቡ ይመልከት።

ሶዲየም። በጨው ውስጥ ያለው ነው። በአውሮፓ ሕግ ውሃ «ሶዲየም ለሚቀንሱ ሰዎች ይስማማል» ለመባል በሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ሊኖረው ይገባል። የደም ግፊት ያለበትና ጨው እንዲቀንስ በሐኪም የታዘዘ ሰው የማዕድን ውሃ ሲያዘወትር ይህን ቁጥር ማየት አለበት።

ባይካርቦኔት። በማዕድን ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ይህ ነው። የጨጓራን ኮምጣጣነት ለጊዜው ያበርዳል። ከከባድ ምግብ በኋላ ሰው አምቦ የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ናይትሬት። የፍሳሽ፣ የእበትና የማዳበሪያ ልጅ ነው። መጸዳጃ ቤት ወይም የከብት በረት አጠገብ የተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ናይትሬት ሊበዛበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 50 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ይህ ወሰን የተቀመጠው በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት ሲባል ነው። ናይትሬት ሲበዛ የሕፃኑ ደም ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉ ይቀንሳልና። ውሃውን ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል።

ፍሎራይድ። ይህ በተለይ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። በመጠኑ ጥርስን ይጠብቃል። ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠራቀም አጥንትን ያደርቃል፣ መገጣጠሚያን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ይህን ወሰን ብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ ስኳር እርሻ ሰፈሮች እንዲህ ያለውን የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው በልዞ፣ አጥንታቸው ደርቆ መታየታቸው በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። በኮዴክስ ደረጃ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ያለው የማዕድን ውሃ «ፍሎራይድ አለው» ተብሎ እንዲጻፍበት፣ ከ1.5 በላይ ከሆነም ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንደማይስማማ እንዲገለጽ ያዛል። ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ቁጥር ይህ ይሁን።

ፒኤች። ውሃው ኮምጣጣ ነው ወይስ ወደ አመድነት ያደላ የሚለውን ያሳያል። ከ6.5 እስከ 8.5 ያለው የተለመደ ነው። ጋዝ ያለው ውሃ ከዚህ ዝቅ ቢል አያስደንቅም።

ወረቀቱ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ከሌሉ፣ የአምራቹ አድራሻ ካልተጻፈ፣ የምርት ቁጥርና ቀን ካልታተመ ወይም የኢትዮጵያ የደረጃ ምልክት ከሌለበት ገዢው ጠርሙሱን መልሶ ቢያስቀምጥ መብቱ ነው። በአገራችን ምግብን የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን የታሸገ ውሃም በሕጉ ምግብ ነው።

ትላልቆቹም ይሳሳታሉ

«ትልቅ ኩባንያ ያሸገው ከሆነ ምን ያሰጋል?» የሚል ይኖራል። ሁለት ታሪኮች እናንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ላቦራቶሪ ፔርዬ በተባለው ዝነኛ የፈረንሳይ ማዕድን ውሃ ውስጥ ቤንዚን ከተሰኘው መርዛማ ኬሚካል ጥቂት አገኘ። ይህ ለመኪና ከምንቀዳው ነዳጅ የተለየ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚታወቅ ኬሚካል ነው። ምክንያቱ የተፈጥሮ ጋዙን የሚያጣራው ማጣሪያ በጊዜው አለመለወጡ ነበር። ኩባንያው 160 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከዓለም ገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የሆነ ነው። ኮካ ኮላ ዳሳኒ የተባለውን ውሃ ገበያ ላይ አዋለ። ጋዜጦች የውሃው መነሻ በለንደን ዳርቻ ሲድከፕ በተባለው ሰፈር የሚገኝ የቧንቧ ውሃ መሆኑን ሲያወጡ አገር ሳቀ። ከሳቁ የከፋው ግን ቆይቶ መጣ። ለጣዕም የተጨመረው የካልሲየም ጨው ብሮማይድ ነበረበት። ኦዞኑ ይህን ብሮማይድ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ወደሚባለው ብሮሜት ለወጠው፤ መጠኑም ከሕጉ ወሰን አለፈ። ወደ 500 ሺህ ጠርሙስ ተሰበሰበ። ልብ በሉ፤ የቧንቧው ውሃ ንጹሕ ነበር። ችግሩን የፈጠረው ማጣራቱና ማሳመሩ ነው።

የሁለቱ ታሪክ ትምህርት አንድ ነው። ውሃን ንጹሕ የሚያደርገው የኩባንያው ስም ሳይሆን የየዕለቱ ምርመራ ነው። ማጣሪያ በጊዜው ካልተለወጠ ስም አያድንም።

ስለ ጠርሙሱ ራሱም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ጠርሙሱ የሚሠራው ፔት ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከታች በሦስት ቀስቶች መካከል 1 ቁጥር ተጽፎ ይታያል። ይህ ፕላስቲክ በተለመደ ሁኔታ ለመጠጥ የታመነ ነው። ነገር ግን በፀሐይና በሙቀት ሲቀመጥ ሲሠራ የገባበት አንቲመኒ የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ውሃው የመውጣቱ ፍጥነት ይጨምራል። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተቆለለ ውሃ ቢያንስ ጣዕሙ ይበላሻል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገዟቸው የታሸጉ ውሃዎች ውስጥ በአንድ ሊትር በአማካይ ወደ 240 ሺህ የሚጠጉ ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኞች ቆጥረዋል። አብዛኞቹ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩ ናቸው። ብናኞቹ በሰው ጤና ላይ ስለሚያደርሱት ነገር ምርምሩ ገና እንደ ቀጠለ ነው።

ገንዘቡ ለምን ይከፈላል?

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ሸማቹ ለውሃ የከፈለ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር በዋጋው ውስጥ ውሃው ትንሹ ነገር ነው። የሚከፈለው ለጠርሙሱ፣ ለክዳኑ፣ ለወረቀቱ፣ ለማሠሪያው ላስቲክ፣ ለመብራት፣ ለግብር፣ ለጭነትና ለአከፋፋዩና ለቸርቻሪው ትርፍ ነው።

የጠርሙሱ ጥሬ ዕቃ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። በመሆኑም ውሃው ከሱሉልታ ምድር ቢወጣም ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ግንኙነት ይበልጥ ግልጽ ሆኗል።

ሌላው ጭነቱ ነው። ባለ አንድ ሊትር አሥራ ሁለት ጠርሙስ የያዘ እሽግ ከ12 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። አምስት ቶን የሚጭን አይሱዙ 400 ያህል እሽግ፣ ማለትም 4,800 ሊትር ቢይዝ ነው። ውሃ ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ጥቂት የሆነ ሸቀጥ ስለሆነ ሩቅ አገር አይሄድም። ፋብሪካዎቹ በከተማይቱ ዙሪያ የተሰበሰቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ሸማቹ አንድ ቀላል ሒሳብ ይልመድ። ዋጋን በጠርሙስ ሳይሆን በሊትር ያስላ። የግማሽ ሊትሩን ዋጋ በሁለት አባዝቶ ከአንድ ሊትሩ፣ የሁለት ሊትሩን ለሁለት ከፍሎ ከአንድ ሊትሩ ጋር ያወዳድር። ትንሿ ጠርሙስ ሁልጊዜ በሊትር ውድ ናት፤ የፕላስቲኩና የክዳኑ ወጪ በጥቂት ውሃ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ለቤት የሚገዛ ሰው ትልቁን ይግዛ፤ ትንሿ የመንገደኛ ናት።

የቧንቧውን ደረሰኝም ያውጣና ይመልከት። የቧንቧ ውሃ የሚሸጠው በሜትር ኩብ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። የአንድ ሜትር ኩብ ዋጋን ከ1,000 የታሸጉ ጠርሙሶች ዋጋ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ማንም አይነግረውም።

የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣ፣ በክሎሪን የታከመ ነው። ጭንቀቱ ከዚያ በኋላ ነው። በፈረቃ ሲመጣና ሲቋረጥ፣ ያረጀ ቧንቧ ሲቀደድ፣ ሮቶውና ጀሪካኑ ሳይታጠብ ሲቀር ንጹሑ ውሃ መንገድ ላይ ይቆሽሻል። ለጀርሙ መድኃኒቱ ማፍላት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ገደማ ጀምሮ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም በደጋ አገር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። አፍልቶ፣ በንጹሕ ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ የሚችል ቤተሰብ ለዕለት መጠጡ የግድ የታሸገ መግዛት የለበትም።

ሃይላንዱን ከመጣልዎ በፊት

ወደ ባዶው ጠርሙስ እንመለስ። ዘይትና ላምባ የተቀዳበት ሃይላንድ ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይመለስም። ፕላስቲኩ ሽታውን ይዞ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ላምባ፣ በረኪና ወይም የተባይ መድኃኒት በውሃ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ልጅ ጠርሙሱን ያውቀዋል፤ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣዋል። ይህን የሚያደርግ ቤት ዛሬውኑ ይተው።

ክዳኑንም ልብ ይሏል። ያልተከፈተ ጠርሙስ ክዳን ከሥሩ ካለው ቀለበት ጋር በትንንሽ ጥርሶች የተያያዘ ነው። ሲከፈት ጥርሶቹ ተሰብረው ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ያለ ድምፅ የተከፈተ፣ ቀለበቱ የላላ፣ የውሃው ልክ ከሌሎቹ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ፣ ወረቀቱ የተጨማደደ ጠርሙስ ካጋጠመዎ አይጠጡት፤ ለሻጩ ይመልሱለት። የጨረሱትንም ጠርሙስ ወረቀቱን ቀድደው፣ ጨፍልቀው ለቆራሌው ይስጡ። ማንም መልሶ ሞልቶ ሊሸጠው አይችልም።

ቸርቻሪውም የሚያደርገው አለ። ውሃውን ከፀሐይ ያግልል። ከሲሚንቶው ወለል ላይ በእንጨት ያንሳው። ከላምባ፣ ከሳሙናና ከበረኪና ያርቀው፤ ፕላስቲክ ሽታ ይስባልና። ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ይሽጥ።

ለእናት ምን መባል ነበረበት?

አሁን ባለሱቁ ለእኚያ እናት ምን ማለት እንደነበረበት መናገር እንችላለን። ለሕፃን ከሁሉ የሚበልጠው የእናት ጡት ነው፤ እስከ ስድስት ወር ሌላ ምንም አያስፈልግም። እናት ታማ የማይቻል ከሆነና ሐኪም የዱቄት ወተት ካዘዘ ግን የሚመረጠው ጋዝ የሌለው፣ ማዕድኑ አነስተኛ የሆነ ውሃ ነው። የእንግሊዝ አገር የጤና አገልግሎት ለዚህ የሚሆን ውሃ ሶዲየሙ በሊትር ከ200፣ ሰልፌቱ ከ250 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ናይትሬቱና ፍሎራይዱም ዝቅ ያለ ይሁን። የሕፃን ኩላሊት ገና ስላልጠነከረ የበዛ ጨው ማስወጣት ይቸግረዋል። ማዕድኑ ልጅቷን አያጠነክራትም፤ ያደክማታል እንጂ።

የታሸገም ቢሆን ውሃው መፍላት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ፣ ገና ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ዱቄቱን መበጥበጥ ነው። በዱቄቱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ጀርም የሚሞተው በዚያ ሙቀት ነውና። ከዚያ አቀዝቅዞ፣ በክንድ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን ለክቶ ማጠጣት ነው። የተረፈው ይደፋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አያት ያንን ጥያቄ መጠየቃቸው አይቀርም። ባለሱቁ ያን ጊዜ ጠርሙሱን አዙሮ ሶዲየም፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ የሚሉትን ሦስት መስመሮች ቢያነብላቸው ለመልካም ንግድ ይበቃል። ባለሱቁ ባያነብ ገዢው ያንብብ። ወረቀቱ ዋጋው ውስጥ ተከፍሎበታል።